ለወገብ ሕመም ሌሊት ሙቀት መጠቀም፦ ጥያቄና መልስ

በጅማ የክረምቱ ዝናብ ሲበረታና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው ብዙ ሰዎች በሙቀት ታግዘው ለማደር ይሞክራሉ። እዚሁ ከተማ በፊዚዮቴራፒ ሙያ የምሠራ በመሆኔ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከመልሶቻቸው ጋር እነሆ አቅርቤያለሁ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ስነዳ ውዬ ማታ ስገባ ወገቤን ይይዘኛል። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልቼ ከወገቤ ሥር አድርጌ እተኛለሁ። ጉዳት ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ ሙቀቱ ራሱ ይጠቅምዎታል፤ የተወጣጠረውን ጡንቻ ያላላል፣ ሕመሙንም ለጊዜው ያስታግሳል። የማልስማማው ይዘውት በመተኛትዎ ነው። ቆዳ የሚቃጠለው በሙቀቱ ብርታት ብቻ ሳይሆን በቆይታውም ጭምር ነው፤ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ነገር በ5 ሰከንድ ገደማ የሚያደርሰውን ቃጠሎ፣ እጅ ችሎ የሚይዘው 44 ዲግሪ የሆነ ነገርም ከቆዳ ሳይለይ 6 ሰዓት ያህል ከቆየ ሊያደርሰው ይችላል። የነቃ ሰው ሲፋጀው ገላውን ያሸሻል፤ እንቅልፍ የወሰደው፣ በተለይም በጣም ደክሞት ወይም መጠጥ ወስዶ የተኛ ሰው ግን ይህን አያደርግም። በዚያ ላይ በጀርባዎ ሲተኙበት የሰውነትዎ ክብደት ቆዳውን ስለሚጫነው፣ ሙቀቱን ከቦታው የሚያነሣው ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም።

ሃይላንዱም ለፈላ ውሃ የተሠራ ዕቃ ስላልሆነ ይኮማተራል፣ ሊያፈስም ይችላል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን የጎማ ከረጢት ቢጠቀሙ ይሻላል፤ ከፈላ በኋላ ጥቂት የበረደ ውሃ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ሞልተው፣ አየሩን አስወጥተው፣ ክዳኑን አጥብቀው በፎጣ ይጠቅልሉት። ከዚያ በጎንዎ ጋደም ብለው፣ በጉልበቶችዎ መካከል ትራስ አድርገው፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ወገብዎ ላይ ያቆዩት። እንቅልፍ ሊወስድዎ ስለሚችል የስልክዎን ማንቂያ ቀድመው ይሙሉ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ከረጢቱን ከአልጋው ያውርዱት። የላላው ጡንቻ እንቅልፍ እስኪይዝዎ ድረስ ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ እናቴ ጨው በምጣድ አሙቀው፣ በጨርቅ ቋጥረው ወገባቸው ላይ ያደርጋሉ። ልከልክላቸው?

መልስ፦ አይከልክሏቸው። የእኔም እናት ይህንኑ ያደርጉ ነበር፤ ጨዉ ምጣዱ ላይ መንጣጣት ሲጀምር ያወርዱትና በአሮጌ ነጠላ ደራርበው ቋጥረው፣ ወገባቸው ላይ ከማድረጋቸው በፊት በክንዳቸው ውስጠኛ ገጽ ላይ ይሞክሩት ነበር። ይህ ሙከራ የግድ ነው፤ የጨው ቋጠሮ ከላይ የበረደ ቢመስልም መካከሉ ሊፋጅ ይችላልና ቋጠሮውን አሽተው ካገላበጡ በኋላ ይሞክሩት። እናትዎ በዕድሜ የገፉ ከሆኑ በእርስዎ ክንድ ላይ ቢሞከር እመርጣለሁ፤ በእርጅና ጊዜ ቆዳ ይሳሳል፣ የሙቀት ስሜትም ይደክማል።

ጥያቄ፦ ጭሱ ያለቀለት ፍም በማንደጃ አድርገን፣ ጀርባችንን ወደ እሱ ሰጥተን ብንተኛስ?

መልስ፦ ይህን በፍጹም አታድርጉት። ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ፍም ጭሱ ቢያልቅም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ ማውጣቱን አያቆምም፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ሰውነት አየር እየሳበ ይታፈናል። የነቃ ሰው ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲሰማው ሊወጣ ይችላል፤ የተኛው ግን ሳይነቃ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። መስኮት ገርበብ ማድረግ ዋስትና አይሆንም። ቡና ተፈልቶ ካበቃ በኋላም ማንደጃው የመኝታ ክፍል ውስጥ አይቆይ፤ ወደ ውጭ ይውጣ። ምልክቱ የታየበት ሰው ቢያጋጥማችሁ ፈጥናችሁ ወደ ንጹሕ አየር አውጡትና ሳትዘገዩ ሆስፒታል አድርሱት፤ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው።

ጥያቄ፦ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ወገቤ ላይ ሙቀት ባደርግ ችግር አለው?

መልስ፦ የሚከታተልዎትን ሐኪም ሳይጠይቁ አይጀምሩ። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ የሙቀትና የሕመም ስሜት ይደነዝዛል፤ ይህ በአብዛኛው ከእግር ቢጀምርም በቁስል መዳን ላይ የሚያስከትለው ችግር መላ ሰውነትን ይመለከታል። አንዲት ታካሚዬ «አላቃጠለኝም» እያሉ ለወራት በየሌሊቱ ሙቀት ሲያደርጉ ቆይተው፣ ልብሳቸውን ገለጥ ሲያደርጉ ወገባቸው ላይ እንደ መረብ የተጠላለፈ ቡናማ መስመር አየሁ። ሳያቃጥል እየተደጋገመ የሚደርስ ሙቀት የሚተወው ምልክት ነው። እንዲህ ያለ መልክ ያየ ሰው፣ ስኳር ቢኖርበትም ባይኖርበትም፣ ሙቀቱን ያቁም።

ጥያቄ፦ በኤሌክትሪክ የሚሞቀው ትራስስ?

መልስ፦ በራሱ የሚጠፋ ከሆነና በዝቅተኛው መጠን ከተጠቀሙበት ጥሩ ነው። ሆኖም መብራት ጠፍቶ እርስዎ ከተኙ በኋላ ሌሊት ሲመለስ አንዳንዱ መሣሪያ ዳግም መሞቅ ይጀምራልና፣ መብራቱ እንደጠፋ ከሶኬት ይንቀሉት። አይተኙበት፣ አጣጥፈውም አይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ቅባት ተቀብቼ ከላዩ ሙቀት ባደርግ ቶሎ አይሻለኝም?

መልስ፦ አይደረግም። የሚያቃጥሉ ቅባቶች ከሙቀት ጋር ሲገናኙ ቆዳን ይልጣሉ፤ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ለዘብ ያለ ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ ወገብሽ ላይ ብታደርጊ አይጎዳሽም፤ ሆድሽ ላይ ግን አታድርጊ፣ መላ ሰውነትን በሚያግል ሙቅ ውሃ ውስጥም አትቆዪ። ሕመሙ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ምጥ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም ሂጂ።

ጥያቄ፦ ሁለት ወር ሆነኝ፤ ሌሊት ሌሊት ይብስብኛል፣ ያልበኛል፣ ከስቻለሁም። ምን ዓይነት ሙቀት ይሻለኛል?

መልስ፦ ለእርስዎ የሚሻለው ሙቀት ሳይሆን ምርመራ ነው። ዕረፍት የማያስታግሰው የወገብ ሕመም ከሌሊት ላብ፣ ከትኩሳትና ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፤ በጊዜው ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል፣ ከዘገየ ግን አከርካሪን አጉብጦ እግርን ሊያሽመደምድ ይችላል። በዚህ ሳምንት ይሂዱ። እግርዎ ከሰነፈ፣ በጭንዎ መካከል ከደነዘዘ ወይም ሽንትዎን መሽናት ካቃተዎት ደግሞ ነገ አይበሉ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።