የአርኮት ከበባ ሒሳብ፦ ለወጣት ባለሙያዎች የተጻፈ ደብዳቤ

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ሒሳብ በመመርመር ነው፤ ከዚያ ሁሉ ዘመን የቀረኝ ልማድ ቢኖር፣ ስለ አንድ ድል ወይም ስለ አንድ ትልቅ ሥራ ሲነገረኝ ወጪው ከየት እንደ መጣና በማን ስም እንደ ተመዘገበ መጠየቅ ነው። ታሪክ ሳነብም ይህ ጥያቄ አይለየኝም። በእኔ ዘመን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከነበሩት ህንዳውያን መምህራን መካከል ሒሳብ ያስተማረን መምህር የደቡብ ህንድ ሰው ነበርና የአርኮትን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ከእሱ ነው። በ1751 በዚህች ከተማ ላይ የተደረገው ከበባ ብዙ ጊዜ የሚተረከው የአንድ ወጣት መኮንን ጀግንነት ሆኖ ነው። እኔ የምጽፍላችሁ ግን ከበባው ካበቃ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ስለ ተከተለው ዕዳ ነው፤ ምክንያቱም ከእናንተ ብዙዎቹ ነገ ውል የሚያዘጋጁ፣ ብድር የሚፈቅዱ ወይም በብድር ሰነድ ላይ የሚፈርሙ ናቸው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አብዛኛውን ህንድ ይገዛ የነበረው የሙጋል ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ በ1707 ሲሞት ግዛቱ ከመቼውም የሰፋ፣ ግምጃ ቤቱ ግን በረጅም ጦርነት የተዳከመ ነበር። ከዚያ በኋላ በየክፍለ ሀገሩ የተሾሙት ገዥዎች ሹመታቸውን እንደ ርስት ለልጆቻቸው ማውረስ ጀመሩ፤ ወደ ዴልሂ የሚልኩት ገንዘብ እየቀነሰ ሲሄድ ከዴልሂ የሚፈልጉት ማኅተም ያለበት ወረቀት ብቻ ሆነ። በ1739 የፋርሱ ናድር ሻህ ዴልሂን ገብቶ ሲዘርፍና የጣዎስ ዙፋን የሚባለውን ጭኖ ሲሄድ ማዕከሉ ራሱን እንኳ መጠበቅ እንዳልቻለ ሁሉም አየ። አርኮት በደቡብ ምሥራቅ ህንድ ያለው የካርናቲክ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ገዥዋ ናዋብ ይባላል፤ ናዋቡ ለሃይደራባዱ ኒዛም፣ ኒዛሙ ደግሞ በስም ለንጉሠ ነገሥቱ ይታዘዛሉ። በ1748 ኒዛሙ ሲሞት ልጁና የልጅ ልጁ በሥልጣን ተጣሉ፤ ጠቡም ወደ ካርናቲክ ወረደ። በ1749 ናዋብ አንዋሩዲን አምቡር ላይ በጦር ሜዳ ተገደለና የቀድሞው ናዋብ አማች ቻንዳ ሳሂብ በፈረንሳዮች ድጋፍ ሥልጣኑን ያዘ። የሟቹ ልጅ ሙሐመድ አሊ ወደ ትሪቺኖፖሊ ምሽግ ሸሽቶ ከእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ጋር ተጠጋ። የእንግሊዙም የፈረንሳዩም የንግድ ኩባንያ ወደዚያ የባሕር ዳርቻ የመጡት ጨርቅ ለመግዛት እንደ ነበር ልብ በሉ። ጦር ማከራየት የጀመሩት ሁለት የአገሩ ተፎካካሪዎች ተከራይ ሆነው ስለ ቀረቡላቸው ነው።

በ1751 ክረምት ሙሐመድ አሊ ትሪቺኖፖሊ ውስጥ ተከቦ ነበር። የከበበውን ጦር ከዚያ ለመሳብ ባላንጣው በጥቂት ጠባቂ ብቻ የተወውን ዋና ከተማ አርኮትን መያዝ ይሻላል ተብሎ የእንግሊዙ ኩባንያ ዋና ሰፈር በሆነችው ማድራስ ላይ ተወሰነ፤ ዘመቻውም ለሮበርት ክላይቭ ተሰጠ። ክላይቭ ያን ጊዜ ዕድሜው ገና 25 ነበር፤ ወደ ህንድ የመጣውም የኩባንያው ጸሐፊ ሆኖ ነው። 200 አውሮፓውያን፣ 300 ሲፖይ የሚባሉ ህንዳውያን ወታደሮችና ሦስት ቀላል መድፎች ይዞ ተነሣ። ከስምንቱ መኮንኖቹ አብዛኞቹ ጦርነት አይተው የማያውቁ ነበሩ። በነጎድጓድና በዝናብ መካከል ሲገሰግሱ መምጣታቸውን የሰማው የአርኮት ጠባቂ ጦር ምሽጉን ለቅቆ ሄደ፤ ከተማዋ ያለ ተኩስ ተያዘች።

ምሽጉ ግን የሚያኮራ አልነበረም። ዙሪያው ከአንድ ማይል በላይ ሲሆን ቅጥሩ በብዙ ቦታ ፈርሷል፤ የግንቡ አናት መድፍ ለማቆም የማይበቃ ጠባብ፣ ከለላው ዝቅተኛ፣ ቦዩም በአንዳንድ ቦታ በእግር የሚሻገሩት ነበር። የቻንዳ ሳሂብ ልጅ ራዛ ሳሂብ 150 ያህል ፈረንሳዮች ያሉበትን ወደ 10,000 የሚጠጋ ጦር ይዞ ደረሰ፤ ከበባው ሲጀመር በውስጥ ለውጊያ ብቁ የሆኑት 120 አውሮፓውያንና 200 ሲፖዮች ብቻ ነበሩ። በዚህ ከበባ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የያዘው ግን የአንድ አሮጌ መድፍ ነገር ነው። በምሽጉ ውስጥ የተገኘው ይህ ግዙፍ መድፍ በአውራንግዜብ ዘመን ከዴልሂ በሺህ ጥማድ በሬ ተጎትቶ እንደ መጣ ይነገር ነበር፤ ጥይቱ 72 ፓውንድ ይመዝናል። ተከላካዮቹ በአንድ ግንብ ላይ አፈር ከምረው አወጡትና ራዛ ሳሂብ ወደ ተቀመጠበት ቤተ መንግሥት አነጣጠሩ። ለሦስት ቀን በቀን አንድ ጊዜ ተኮሰ፤ በአራተኛው ቀን ፈነዳ። የዚያን መንግሥት ሁኔታ ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ሰነድ አላየሁም።

ስለዚህ ከበባ አንድ በጣም የሚወደድ ታሪክ አለ። ስንቅ ባለቀ ጊዜ ሲፖዮቹ ወደ ክላይቭ ቀርበው «ሩዙን ለአውሮፓውያኑ ስጧቸው፤ ለእኛ የተቀቀለበት ውኃ ይበቃናል» አሉ ይባላል። እኔም ታሪኩን ስሰማ ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ከበባውን ቀን በቀን የሚዘረዝረው የመጀመሪያው ሰፊ ዘገባ ውስጥ የለም፤ በጽሑፍ ብቅ ያለው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ደረሰኝ የሌለውን ወጪ እንዴት እንደምንይዝ ታውቃላችሁ፤ የሚያስደስተንንም ታሪክ በዚያው መንገድ ልትይዙት ይገባል። በተለይ ይህ ታሪክ አገልጋዩ በገዛ ፈቃዱ ተርቦ ጌታውን እንዳበላ የሚያሳይ በመሆኑ፣ ማን ደጋግሞ እንደ ተረከውና ለምን እንደ ወደደው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከበባው 50 ቀን ቆየ። ራዛ ሳሂብ በክብር እጅ የመስጫ ውልና ለክላይቭ በግሉ ዳጎስ ያለ ገንዘብ አቀረበ፤ ክላይቭ አልተቀበለም። በዚህ መካከል 6,000 ፈረሰኛ የሚመራው፣ ማራታ ከሚባለው የምዕራብ ህንድ ተዋጊ ሕዝብ የሆነው አለቃ ሞራሪ ራኦ ለተከበቡት ሊደርስ መሆኑ ተሰማ። ሞራሪ ራኦን የቀጠረው የካርናቲክ ጎረቤት የሆነው የማይሶር መንግሥት ነው፤ ማይሶር ይህን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሰው ደግሞ ሙሐመድ አሊ ትሪቺኖፖሊን ሊሰጠው ቃል ስለ ገባለት ነው። ቆም ብላችሁ አስቡት፤ ሰውየው ሊያድኑለት የሚለምንባትን ከተማ ራሷን ለሌላ አዳኝ መያዣ አድርጎ ሰጥቷል። ርዳታ እየቀረበ መሆኑን የሰማው ራዛ ሳሂብ በኖቬምበር 14 ማለዳ፣ በሙሐረም የሐዘን ቀናት፣ ሠራዊቱን በአንድ ጊዜ አሰለፈ። ግንባራቸው ላይ ብረት የታሰረላቸው ዝሆኖች በሮቹን እንዲሰብሩ ወደ ፊት ተነዱ፤ የጠመንጃ ጥይት ሲያቆስላቸው ግን ዞረው የራሳቸውን ሰዎች ረገጡ። በአንድ በኩል ቦዩን በተንሳፋፊ የእንጨት ርብራብ ለመሻገር የሞከሩትን ክላይቭ ራሱ መድፍ አነጣጥሮ በተናቸው። ሁሉም በአንድ ሰዓት ያህል አለቀ፤ በማግሥቱ ሲነጋ ከባቢዎቹ ሄደው ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ትሪቺኖፖሊም ነጻ ወጣች፤ ቻንዳ ሳሂብ እጁን ሰጥቶ አንገቱ ተቀላ። ማይሶር የተገባለትን ከተማ ሲጠይቅ ተከለከለና ወደ ፈረንሳዮች ዞረ። ሙሐመድ አሊ ናዋብ ሆነ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይዘጋል፤ ሒሳቡ ግን የተከፈተው እዚህ ላይ ነው።

ኩባንያው የጦሩን ወጪ በሙሉ በናዋቡ ስም መዝግቦት ነበር። ናዋቡ የአገሩን የመሬት ግብር በመያዣነት ይሰጣል፤ ግብሩ ሳይበቃ ሲቀር ኩባንያው ይጫነዋል፤ እሱም ለኩባንያው የሚከፍለውን ገንዘብ ማድራስ ካሉት የኩባንያው ሠራተኞች በግል በከፍተኛ ወለድ ይበደራል። በጠዋት በመሥሪያ ቤታቸው ስም ክፈል የሚሉት ሰዎች ከሰዓት በኋላ በራሳቸው ስም የሚያበድሩት ነበሩ። ለእነዚህ ሰዎች የናዋቡ ዕዳ መቼም ባያልቅ ይሻላቸዋል። በሙያችን የጥቅም ግጭት የምንለውን ነገር ከዚህ አጉልቶ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም፤ ወጣት ኦዲተሮችን ሳሠለጥንም ደጋግሜ የማነሣው ይህንኑ ነው። ዕዳ በዚህ ዓይነት ሲመጣ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው፤ ናዋቡ በየጊዜው የሚያየው የተሰጠውን አዲስ ብድር እንጂ የለቀቀውን አዲስ ወረዳ አልነበረም። አበዳሪዎቹ የየወረዳው ግብር ተላልፎ ስለ ተሰጣቸው ገበሬውን የሚያስጨንቀው የእነሱ ጥድፊያ ሆነ፤ የናዋቡ ወታደሮች ደመወዝ ደግሞ ውዝፍ እየሆነ ቀረ።

በ1773 የኩባንያው ጦር ጎረቤቷን ታንጆርን ለናዋቡ ያዘለት፤ የታንጆር ግብርም ወዲያው ለአበዳሪዎች መያዣ ሆነ። ኩባንያው ታንጆርን ለንጉሥዋ እንዲመልስ ሲወሰን ፖል ቤንፊልድ የተባለ ደመወዙ መጠነኛ የሆነ ሠራተኛ በዚያ ግብር ላይ ከ200,000 ፓውንድ በላይ አለኝ ብሎ ተነሣ። ጥያቄውን የተጠራጠረው የማድራስ ገዥ ሎርድ ፒጎት በ1776 በገዛ የምክር ቤቱ አባላት ታሰረ፤ በ1777ም በእስር ላይ እንዳለ ሞተ። በ1780 የማይሶሩ ሃይደር አሊ ካርናቲክን ወርሮ መንደሮቹን አቃጠለ፣ አርኮትንም ከብቦ ያዘ። መሬቱ ሲቃጠል ወለዱ አልቆመም። በ1785 በለንደን ምክር ቤት አባሉ ኤድመንድ በርክ ተነሥቶ መንግሥት እነዚህን ዕዳዎች ሳይመረምር ከካርናቲክ ግብር እንዲከፈሉ መፍቀዱን አጥብቆ ተቃወመ፤ አልተሰማም። ሙሐመድ አሊ በ1795፣ ልጁም በ1801 ሞቱና በዚያው ዓመት ኩባንያው አገሩን በሙሉ ጠቀለለው። ዕዳው በመርማሪዎች መታየት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሥራቸውም አሥርት ዓመታት ወሰደ። ከቀረበው ወደ 30 ሚሊዮን ፓውንድ ጥያቄ እውነተኛ ሆኖ የተገኘው ከ3 ሚሊዮን ያነሰ ነበር። ይህን አኃዝ ባነበብኩ ቁጥር እቆጣለሁ፤ ምርመራው የመጣው አገሩ ከባለቤቱ እጅ ከወጣ በኋላ ነውና።

ልጆቼ፣ ይህን ያነሣሁት አትበደሩ ወይም የሰው ርዳታ አትቀበሉ ለማለት አይደለም። በ1751 በትሪቺኖፖሊ ቅጥር ውስጥ ብሆን እኔም ያንን ሰነድ እፈርም ነበር፤ ጠላት በር ላይ ቆሞ ስለ ወለድ መከራከር አይቻልም። እንዲህ ዓይነት ሰነድ በእናንተም እጅ ይገባል፤ መሥሪያ ቤታችሁ ሲጨነቅ፣ ቤተሰባችሁ ሲቸገር፣ የምትወዱት ሥራ ሊዘጋ ሲል። ያን ጊዜ ከፈረማችሁ አልፈርድባችሁም። የምጠይቃችሁ ጭንቁ ባለፈ ማግሥት ያንን ሰነድ አውጥታችሁ እንድታነቡት፣ ጠቅላላ ዕዳው ስንት እንደሆነ በአንድ ገጽ ላይ እንድትጽፉት፣ አበዳሪያችሁና ተቆጣጣሪያችሁ አንድ ሰው መሆን አለመሆኑን እንድታጣሩ ነው።

ሙሐመድ አሊ ይህን የሚያደርግበት ጊዜ ነበረው። በ1761 የፈረንሳዮች ዋና ሰፈር ፖንዲቼሪ ወድቃ ፈረንሳዮች ከመንገዱ ወጡ፤ በ1763 የፓሪስ ስምምነት ናዋብነቱን በስሙ አጸደቀለት፤ በ1765 ከዴልሂ የመጣ ሰነድም ከኒዛሙ በላይነት አላቀቀው። በዙሪያው የከበበው ጦር አልነበረም። እሱ ግን ወደ አርኮት ተመልሶ ግብሩን በራሱ ሹማምንት በማደራጀት ፈንታ ማድራስ ውስጥ ከኩባንያው ምሽግ አጠገብ በቼፓውክ ቤተ መንግሥት ሠርቶ ተቀመጠ፤ ሲነጋ የሚጠይቁት አበዳሪዎቹ ሆኑ፤ ሌላ ምክር የሚሰጠው ሰው በዙሪያው አልቀረም። የእሱን መዝገብ የምመረምር እኔ ብሆን የከበባውን ዘመን ወጪ አልፌው፣ የመጀመሪያውን ቀይ ምልክት የማደርገው በ1763 ገጽ ላይ ነው።