ለዱላ ቅጣት፣ ለትከሻ ምሕረት፦ ስለ ሆኪ ለጠየቃችሁኝ

እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ክረምቱ ረጅም ነው። የበረዶ ላይ ሆኪ ማየት የጀመርኩት ከብርዱ ሌላ የሚወራ ነገር ፍለጋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። ጭንቅላት ላይ ስለሚደርስ ምትና ስለ ቅጣቱ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እናንተም አልራራችሁልኝም። ዓመቶቹም፣ ወሮቹም፣ ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሆኪ ራሱ መጋጨት አይደል እንዴ? ታዲያ የቱ ተፈቅዶ የቱ ነው የተከለከለው?

መጋጨት ይፈቀዳል። ፐኳን፣ ማለትም ያቺን ጥቁር የጎማ ዲስክ የያዘውን ሰው በትከሻህ ወይም በዳሌህ ገጭተህ መጣል ትችላለህ። ቼክ ይሉታል። የሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ የኤንኤችኤል፣ ደንብ ቁጥር 48 የሚከለክለው ግን ሌላ ነው። ግጭቱ በዋናነት ያረፈው ጭንቅላት ላይ ከሆነ፣ ይህንንም ማስቀረት ይቻል ከነበረ ጥፋት ነው። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ጭቅጭቁ በሙሉ ያለው «ይቻል ከነበረ» የምትለዋ ላይ ነው። የተመታው ሰው በመጨረሻዋ ቅጽበት ጎንበስ ብሎ ከነበረ፣ መቺው ነጻ ሊወጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ይህ ደንብ ድሮም ነበር?

አልነበረም! እኔም መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም። በ2000 ዓ.ም. ስኮት ስቲቨንስ ኤሪክ ሊንድሮስን በትከሻው መንጋጋው ላይ ገጭቶ ከበረዶው ላይ ሲዘርረው፣ ጨዋታው የምሥራቁ ምድብ ፍጻሜ ሰባተኛ ግጥሚያ ነበር። ቅጣት የለም። በጊዜው ሕጋዊ ነው። ዛሬም ድረስ «ድንቅ ምት» እያሉ የሚያሳዩት ሰዎች አሉ።

ነገሩ የተለወጠው መጋቢት 7 ቀን 2010 ነው። የቦስተኑ ማርክ ሳቫርድ ፐኳን ወደ ጎል መትቶ ገና ሰውነቱን አላስተካከለም። ፐኳ ከእሱ ርቃ ሄዳለች። የፒትስበርጉ ማት ኩክ ከጎን መጣና ጭንቅላቱን ገጨው። ሳቫርድ በቃሬዛ ወጣ። ሁሉም ሰው ትልቅ እገዳ ሲጠብቅ ሊጉ «የሚጥሰው ደንብ የለም» አለ። ኩክ አንድም ጨዋታ አልታገደም። ጩኸቱ ከባድ ስለነበር ውድድሩ ሳያልቅ በዚያው ወር አዲስ ደንብ ወጣ። እሱም መጀመሪያ ላይ የከለከለው ከጎን ወይም ሳይታይ የሚመጣን ምት ብቻ ነበር።

ከዚያ የሊጉ ትልቁ ኮከብ ተመታ። ሲድኒ ክሮዝቢ ጥር 1 ቀን 2011 ጭንቅላቱን ተገጨ። ከአራት ቀን በኋላ እንደገና ተጫወተና እንደገና ተገጨ። እስከ ኅዳር ድረስ አልተመለሰም። ሲመለስ በመጀመሪያው ጨዋታ ሁለት ጎል አግብቶ ሁለት አቀበለ፤ ስምንት ጨዋታ እንደተጫወተ ግን ሕመሙ አገረሸበት። በዚያው 2011 ደንቡ ሰፋ፤ «ከጎን» የሚለው ቃል ወጣና ከየትም አቅጣጫ ቢመጣ ጥፋት ሆነ።

ሳቫርድስ? በ2010 ግንቦት ተመልሶ በጭማሪ ሰዓት ጎል አገባ። በጥር 2011 ሌላ ግጭት ደረሰበት፤ ከዚያ በኋላ አልተጫወተም። ያኔ ገና 33 ዓመቱ ነበር።

ጥያቄ፦ ራስ ቁር አድርገው የለ እንዴ? ምን ይሆናሉ?

ራስ ቁሩ የራስ ቅል እንዳይሰበር ያግዛል። አእምሮ ግን ቅሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። እንቁላል የያዘ ድስት አስብ። ድስቱን በብርድ ልብስ ብትጠቀልለውም፣ ስትነቀንቀው እንቁላሉ ከውስጥ ይላተማል። ኮንከሽን የሚሉት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ቅጣቱን የሚወስነው ዳኛው ነው?

ዳኛው ሜዳ ላይ ሁለት ደቂቃ ቅጣት ሳጥን ውስጥ ሊያስቀምጥ ወይም ጭራሽ ከጨዋታው ሊያባርር ይችላል። እገዳውን የሚወስነው ግን በ2011 የተቋቋመው የሊጉ የተጫዋቾች ደህንነት ክፍል ነው። ቪዲዮውን ያያሉ፣ ተጫዋቹን ያነጋግራሉ፣ ከዚያ ምክንያታቸውን በቪዲዮ አስደግፈው ለሕዝብ ያስረዳሉ። ይህን ማብራሪያ እኔ በጣም ነው የምወደው። ባትስማማ እንኳ ምን አስበው እንደሆነ ታውቃለህ። የእኛ እግር ኳስ ይህን ቢለምድ ስንት የካፌ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

አንድ የማያወሩት ነገር አለ። ቃል የሚሰጠው በስልክ ወይም በቪዲዮ ከሆነ እገዳው ከአምስት ጨዋታ አይበልጥም። ስድስትና ከዚያ በላይ ለመስጠት ተጫዋቹን በአካል እንዲቀርብ መጥራት ግድ ነው። ስለዚህ «በአካል ተጠርቷል» የሚል ዜና ስታዩ ነገሩ ከረር ብሏል ማለት ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። በየካቲት 2024 የቶሮንቶው ሞርጋን ራይሊ የኦታዋውን ሪድሊ ግሬግን በመጫወቻ ዱላው ጭንቅላቱ ላይ መታ። ግሬግ በረኛ የሌለበት ባዶ ጎል ውስጥ ፐኳን ባለ በሌለ ኃይሉ ስለመታ ራይሊ ተናዶ ነው። በአካል የመቅረብ ጥሪ ደረሰው፤ የተሰጠው ግን አምስት ጨዋታ ነበር።

ጥያቄ፦ የዚያ ክፍል ኃላፊ ራሱ ተደባዳቢ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ከ2017 ጀምሮ ኃላፊው ጆርጅ ፓሮስ ነው። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ፣ ባለ ትልቅ ሪዝ፣ በሥራው ደግሞ የቡድኑ ጉልቤ፣ ማለትም ለቡድኑ የሚደባደብ ተጫዋች። በ2013 የውድድሩ መክፈቻ ዕለት ለሞንትሪያል ተሰልፎ ከቶሮንቶው ኮልተን ኦር ጋር ሲደባደብ፣ ሁለቱም ሚዛናቸውን ሳቱና ፓሮስ በፊቱ በረዶው ላይ ተደፋ። በቃሬዛ ነው የወጣው። ኮንከሽን ምን እንደሆነ ከሌላው ይልቅ እሱ ያውቃል። እሾህን በእሾህ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ቅጣቱ ለዘብ ሲል «የድሮ ጓዶቹን እየማረ ነው» የሚለው ሐሜት የሚከተለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ሚሊየነሮችን በገንዘብ መቅጣት ምን ይጠቅማል? ገንዘቡስ የት ይገባል?

የገንዘብ ቅጣት ብቻውን ቀልድ ነው። በግንቦት 2021 የዋሽንግተኑ ቶም ዊልሰን ፊቱን ወደ በረዶው አዙሮ የወደቀ የኒው ዮርክ ሬንጀርስ ተጫዋች ጭንቅላቱ ላይ በቡጢ መታና 5,000 ዶላር ተቀጣ። ሬንጀርስ ተናደው «ፓሮስ ለቦታው ብቁ አይደለም» የሚል መግለጫ አወጡ። ሊጉ እነሱን ስንት ቀጣ? 250,000 ዶላር! በቡጢ መምታት አምስት ሺህ፣ መናገር ሩብ ሚሊዮን። ከቡጢው በኋላ ሁለቱ ቡድኖች እንደገና ሲገናኙ፣ ለመጀመሪያ ፐኳ እንደተጣለች የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች ጓንታቸውን ጥለው ተያያዙ። ክለቦቹ ፍትሕ አላገኘንም ሲሉ የሚሆነው ይህ ነው።

እገዳ ግን ይቆነጥጣል፤ ደመወዝ ይቀራል። ለዓመታት የተሠራበት ስሌት እንዲህ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋ ሰው ዓመታዊ ደመወዙ በውድድሩ ቀናት ይካፈላል፤ ቀናቱ ከ180 በላይ ናቸው። በ18 ወር ውስጥ ደግሞ ካጠፋ ለ82ቱ ጨዋታ ይካፈላል። 4.1 ሚሊዮን ዶላር የሚያገኝ ሰው መጀመሪያ ላይ ለአንድ ጨዋታ ከ23 ሺህ በታች ያጣል። ሲደግም 50 ሺህ። ገንዘቡ የተቸገሩ ተጫዋቾች መርጃ ፈንድ ውስጥ ይገባል።

ከሁሉ የከበደው በራፊ ቶሬስ ላይ የደረሰው ነው። በ2015 በወዳጅነት ጨዋታ የአናሃይሙን ያኮብ ሲልፈርበርግን ጭንቅላቱ ላይ ገጨ። 41 ጨዋታ፣ የውድድሩ ግማሽ! ከ440 ሺህ ዶላር በላይ አጣ። ከዚያ በኋላ ኤንኤችኤል ውስጥ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም።

ጥያቄ፦ እኔ አርሊንግተን ነው የምኖረው። የዋሽንግተን ቡድን ካፒታልስ ልምምዳቸውን ሰፈራችን ነው የሚሠሩት። ዊልሰንን ለምን አትተዉትም?

ወንድሜ፣ ቡድንህ ስለሆነ ይገባኛል። በ2018 ዋንጫውን ሲያመጡ እኔም ተደስቼላችኋለሁ። ግን መዝገቡን እንይ። በዚያው ዓመት በመጨረሻው የዝግጅት ጨዋታ የሴንት ሉዊሱን ኦስካር ሱንድክቪስትን ገጨ። ሱንድክቪስት ፐኳን ወደ ጎል እየመታ ስለነበር የሚመጣውን አላየም። ኮንከሽንም የትከሻ ጉዳትም ደረሰበት። ለዊልሰን በ105 ጨዋታ ውስጥ አራተኛ እገዳው ነበር፤ 20 ጨዋታ ተሰጠው።

ከዚያ የሆነው ይገርማል። ይግባኙ መጀመሪያ የሚሄደው ለሊጉ ኮሚሽነር ለጋሪ ቤትማን ነው። ቤትማን ቅጣቱን አጸና። እገዳው ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ገለልተኛ የግልግል ዳኛ ዘንድ መሄድ ይቻላል። ዳኛው ቅጣቱን ወደ 14 አወረደው። ዊልሰን ግን ያን ጊዜ 16 ጨዋታ ቁጭ ብሎ ጨርሷል! ወደ 378 ሺህ ዶላር ተመለሰለት፤ ሁለቱን ጨዋታ ግን ማን ይመልስለት?

ጥያቄ፦ ለምን በቀላሉ ጭንቅላት የነካ ሁሉ ይቀጣ አይሉም?

ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። እስቲ ዱላውን እንይ። አንተ ሳታውቅ፣ ሳታስበው፣ ዱላህ ከፍ ብሎ የሌላውን ፊት ከነካ ሁለት ደቂቃ ትቀጣለህ። ደም ከወጣ አራት ደቂቃ። «አላየሁትም» አይሠራም። ደንቡ ለዱላህ ተጠያቂው አንተ ነህ ይላል። ተጫዋቾችም ለመዱት፤ ዱላቸውን ዝቅ አድርገው ይይዛሉ።

ትከሻ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ሕግ ነው። አስቦ ነው ወይ? ሊያስቀረው ይችል ነበር ወይ? ተመቺው አንገቱን ደፍቶ ነበር ወይ? የሞንትሪያል በረኛና የሕግ ምሩቅ የነበረው ኬን ድራይደን ይህን አለመመጣጠን እያነሳ ለዓመታት ሞግቷል። እኔ ከእሱ ጋር ነኝ። አእምሮ የተመታው በአጋጣሚ ይሁን ሆን ተብሎ ለይቶ አያውቅም።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉት ሞኝነት አይደለም። ዝዴኖ ቻራ የሚባለው ተጫዋች ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀጥ ብሎ ቢቆም እንኳ ትከሻው ከአጭር ሰው አገጭ ጋር ይገናኛል። ረጅም ስለሆነ ይቀጣ? ይህ ከባድ ነው። መልሴ ረጅሙ ሰውዬ ጉልበቱን ይጠፍ የሚል ነው። ዱላ ዝቅ ማድረግ ከተማሩ ይህንንም ይማራሉ።

ጥያቄ፦ ድብድቡስ? እሱም ጭንቅላት ላይ አይደል?

አዎ። አምስት ደቂቃ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ይመለሳሉ። በዓለም አቀፍ ውድድር ቢሆን ከጨዋታው ይባረራሉ። ሊጉ በክርን የሚመታን አግዶ በቡጢ የሚመታን ሲያሳልፍ ምን ይባላል? እኔ መልስ የለኝም፤ እነሱም ያላቸው አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጡት ተጫዋቾች ከሰሱ ተብሎ ነበር። ምን ላይ ደረሰ?

በ2018 በ18.9 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። 318 ተጫዋቾች ነበሩ፤ ለእያንዳንዳቸው በእጃቸው የደረሳቸው ወደ 22 ሺህ ዶላር ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ ለተመሳሳይ ጉዳይ የተስማማው በ1 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። ልዩነቱ የመጣው ዳኛዋ የተጫዋቾቹን ክስ እንደ አንድ የጋራ ክስ አልቀበልም ስላሉ ነው። ኃይላቸው ተበተነ።

በ2011 በ28 ዓመቱ የሞተው ዴሪክ ቡጋርድ ጉልቤ ነበር። የገደለው የሕመም ማስታገሻና አልኮል ድብልቅ ነው። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አእምሮውን ሲመረምሩ ሲቲኢ የሚባለውን፣ በተደጋጋሚ ምት የሚመጣውን የአእምሮ በሽታ አገኙበት። ቤትማን ግን ሆኪና በሽታው በቀጥታ መያያዛቸውን ሳይቀበል ነው የኖረው።

ጥያቄ፦ ልጄ 10 ዓመቱ ነው፣ ሆኪ ካልተጫወትኩ ብሎ እያለቀሰ ነው። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ አትፍሪ። በ2010 የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ11ና 12 ዓመት ልጆች ላይ ጥናት አወጡ። እዚህ አልበርታ ያኔ በዚያ ዕድሜ መገጫጨት ይፈቀድ ነበር፤ ኬቤክ ውስጥ አይፈቀድም። የአልበርታ ልጆች በጨዋታ ላይ የመጎዳታቸው ዕድል ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። አሜሪካ በ2011፣ ካናዳ በ2013 ከ13 ዓመት በታች መገጫጨትን ከለከሉ። ስለዚህ ልጅሽ ለጥቂት ዓመት የሚማረው መንሸራተትና ፐክ መቆጣጠር ነው። የዕቃው ዋጋ ነው የሚያስለቅሰው፤ ያገለገለ ግዢ፣ ራስ ቁሩን ግን አዲስ።

ስታስመዘግቢው አሠልጣኙን አንድ ነገር ጠይቂው፦ «ልጄ ጭንቅላቱን ቢመታ ከበረዶው የሚያወጣው ማነው? ማንስ ይመልሰዋል?» «እናያለን» ካለሽ ሌላ ቡድን ፈልጊ።