ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «አባቴን ስፖርት ባሠራቸው ይብስባቸው ይሆን?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ከተነገረን ሁለት ዓመት ሆነን። እቤት የሚሠሩት ስፖርት ታዝዞላቸው ፊዚዮቴራፒስቷም አሳይታን ነበር። ከወር በፊት ግን ከወንበር ሲነሱ ወደቁ። ደግነቱ አልተጎዱም። እኔ ግን ፈርቼ ስፖርቱን አስቆምኳቸው። ሲሠሩ ደግሞ እጃቸው ይበልጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዘመድ ሁሉ «ነርቫቸውን አታድክሚ፣ ይረፉበት» ይለኛል። መድኃኒቱ ስለሚያቅለሸልሻቸውም የጠዋቱን ክኒን ትተነዋል። ለእሳቸው የሚሻለው የትኛው እንቅስቃሴ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ እንቅስቃሴ ዓይነት ነው። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ግን የሚያስጨንቅዎ ሌላ ነው፦ «እኔ ባሠራቸው ወድቀው ቢሰበሩስ?»

እስቲ አንድ ነገር ያስተውሉ። አባትዎ የወደቁት ስፖርት ሲሠሩ አይደለም። ከወንበር ሲነሱ ነው። ስፖርቱ ቢቆምም ከወንበር መነሳት አይቀርም። ስለዚህ ጥፋተኛዋ እርስዎ አይደሉም፤ አይዞዎት።

አሁን ወደ ዘመዶችዎ ምክር ልምጣ። «ነርቩ ይረፍ» የሚለውን ነገር ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬአለሁ። ታማሚው ይለዋል፣ ጎረቤት ይለዋል፣ አንዳንዴ ነጭ ጋዋን የለበሰም ይለዋል። ሥራ ስጀምር እኔ ራሴም «ብዙ አይድከሙ» እያልኩ ሸኝቻለሁ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ፓርኪንሰን ላይ የሚሆነው ይህ ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚሠሩ ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። እንቅስቃሴ እነዚህን ሴሎች አይጨርሳቸውም። ሰውየው ቢቀመጥም አይቆጠቡለትም። መቀመጥ የሚያተርፈው ሌላ ነው፦ የጭን ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ጀርባ ይጎብጣል፣ ሆድ ይደርቃል፣ እንቅልፍ ይዛባል። አንዴ የወደቀ ሰው ይፈራል። ስለፈራ አይራመድም። ስላልተራመደ ይደክማል። ስለደከመ እንደገና ይወድቃል። የምፈራላቸው ይህንን ነው።

መንቀጥቀጡስ? ሰውነት ሲደክም፣ ልብ ሲሞቅ፣ ሰው ሲናደድ ወይም ሲደሰት መንቀጥቀጥ ይጨምራል። ኳስ ሲያዩ እጃቸውን ይመልከቱት፤ ያው ነው። ትንሽ አረፍ ሲሉ ወደ ነበረበት ከተመለሰ በሽታው ባሰ ማለት አይደለም።

በ2019 ውጤቱ የታተመ አንድ የኔዘርላንድስ ጥናት ነበር። በሽታቸው ቀለል ያለ 130 ታማሚዎች ለስድስት ወር እቤታቸው ሠሩ። ግማሾቹ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ የቤት ውስጥ ብስክሌት እንዲነዱ ተደረገ። ግማሾቹ ሰውነት ማፍታታት ብቻ። በመጨረሻ መድኃኒት ሳይወስዱ ሲመረመሩ የእንቅስቃሴ ችግራቸው ይበልጥ የተባባሰው ብስክሌት ያልነዱት ናቸው። ስፖርት ፓርኪንሰንን ያድናል አላልኩም። አያድንም። ግን «ያደክማል» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይብቃው። ለዘመዶችዎም ይንገሯቸው።

ክኒኑን ማቋረጣችሁን ሳነብ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ተናደድኩ። ማንን ጠይቃችሁ ነው? ሌቮዶፓ የሚባለውን ዋናውን የፓርኪንሰን መድኃኒት በራስ ፈቃድ መቀነስ ሰውነትን ይገትራል፤ ለመውደቅም ያጋልጣል። በድንገት ሙሉ በሙሉ ማቋረጥ ደግሞ ከፍተኛ ትኩሳትና መቃዠት አምጥቶ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ማቅለሽለሹ መላ አለው፤ ሐኪሙ መጠኑን ወይም ሰዓቱን ያስተካክላል። ዛሬውኑ ይደውሉለት። ከፋርማሲ ማስታወክ የሚያስቆም መድኃኒት ገዝተው እንዳይሰጧቸው ደግሞ። ሜቶክሎፕራማይድ የሚባለው የዶፓሚንን ሥራ ስለሚያግድ ፓርኪንሰንን ያብሳል።

ሲነሱ ራሳቸውን ያዞራቸው እንደሆነም ይጠይቋቸው። በሽታውም መድኃኒቱም የደም ግፊት ሊጥል ይችላል። አምስት ደቂቃ አስተኝተው ይለኩ። ከዚያ ቆመው በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ይድገሙ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪሙ ይንገሩ። ስፖርቱን ከዚያ በኋላ ይጀምሩ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። መድኃኒቱ በደንብ በሚሠራበት ሰዓት ይሥሩ፤ ብዙዎች ከዋጡ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ይፍታታሉ። ለእሳቸው መጀመሪያ የማስበው ያንኑ የጣላቸውን ነገር ነው፦ ከወንበር መነሳት። መደገፊያ ያለው፣ የማይንሸራተት ወንበር ግድግዳ አስደግፈው ያስቀምጡ። ወደ ወንበሩ ጫፍ ይምጡ። እግራቸውን ወደ ኋላ ይሳቡ። አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ እስኪሆን ያጎንብሱ፣ ከዚያ ይነሱ። ሲቀመጡ ቀስ ብለው፤ ዘጭ ማለት የለም። በአምስት ይጀምሩ። ጮክ ብለው ይቁጠሩ፣ ለሚሰልለው ድምፃቸውም ይጠቅማል።

ቀጥሎ እርምጃ። ሰፊ እርምጃ፣ እጅ እየተወዛወዘ። ሲዞሩ ባሉበት አይሽከርከሩ፤ ሰፋ አድርገው ይዙሩ። እግራቸው መሬት ላይ ተጣብቆ እምቢ ካለ በፍጹም አይጎትቷቸው። ይቁሙ፣ ክብደታቸውን ከእግር ወደ እግር ያዛውሩ፣ «አንድ፣ ሁለት» ብለው ይራመዱ። ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፈው ያንን ተሻገሩ ማለትም ለብዙዎች ይሠራል። ሲያዩት ይገርምዎታል፤ ሜዳ ላይ የተገተረ ሰው መስመር ሲያይ ይራመዳል።

መውደቅ ጨርሶ አይኖርም ብዬ ቃል አልገባም። ጭንቅላታቸውን ከመቱ፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ «ደህና ነኝ» ቢሉም በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

ፊዚዮቴራፒስቷ ጋም አንዴ ይመለሱ። የወደቁበትን ወንበር ፎቶ አንስተው ያሳይዋት። ዝቅ ያለ ሶፋ ከሆነ እሷም እንደኔ ትቆጣዎታለች።