ስሙን ሳትሰሙ ፍረዱ

ውድ ልጆቼ፣

የ2013 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ነበር። ባለቤቴ ማጀት ውስጥ የዶሮውን ሽንኩርት ታቁላላለች። እኔና የእህቴ ልጅ ድሬዳዋ ከዚራ ባለው ቤታችን ሳሎን ቴሌቪዥን ከፍተን ለሌሊቱ ቅዳሴ የምንነሣበትን ሰዓት እንጠብቃለን። ከምሽቱ 4 ሰዓት አለፍ ሲል ከዋሽንግተን የሚተላለፍ ምስል መጣ፤ እዚያ ገና ከቀትር በኋላ ነው። የፕሬዚዳንት ትራምፕ ደጋፊዎች የአሜሪካን ምክር ቤት መስኮት ሰብረው ይገባሉ፤ ፖሊሶች ወደ ኋላ ይገፋሉ።

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ የትራምፕ ጥፋት ነው ወይስ የራሳቸው?» አለኝ የእህቴ ልጅ። ያን ጊዜ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ሰዓቴን አየሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህች ከተማ በጥብቅና ስሠራ፣ አንድ ነገር ሲፈጠር መጀመሪያ የምይዘው ሰዓቱን ነው። ትራምፕ ለደጋፊዎቻቸው ያደረጉትን ንግግር የጨረሱት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ10 ነበር። «ወደ ቤታችሁ ሂዱ» ያሉበት ቪዲዮ የወጣው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ17 ላይ ነው። ሽንኩርቱ በስሎ፣ ቅቤው ገብቶ፣ ወጡ ወርዶ፣ ነጠላችንን ለብሰን ደጃፍ ላይ ስንደርስ ማለት ነው። 187 ደቂቃ። በመሐሉ «ሰላማዊ ሁኑ» የሚሉ ሁለት አጫጭር መልእክቶች በትዊተር ጽፈዋል፤ «ውጡ» ግን አላሉም።

ሰዎች እስከ ዛሬ የሚከራከሩት በንግግሩ ነው። በአንድ ንግግር ውስጥ «በሰላምና በአገር ወዳድነት ድምፃችሁን አሰሙ» የሚልም፣ «አጥብቃችሁ ካልተዋጋችሁ አገር አይኖራችሁም» የሚልም አለ። ወዳጅ የመጀመሪያውን ቆርጦ ይይዛል፣ ጠላት ሁለተኛውን። እኔ ግን ከንግግሩ ይልቅ የሚከብደኝ ዝምታው ነው። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለተራ ሰው የተነገረ ነው። በስሙ ሰው እየተደበደበ፣ አንድ ቃል ብናገር ይሰሙኛል ብሎ የሚያውቅ መሪ ዝም ሲል፣ ያ ዝምታ ራሱ ንግግር ነው።

ሕዝቡ ምን አለ? በዚያው ሳምንት ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል አሜሪካውያንን ጠይቆ ነበር። 52 ከመቶው ፕሬዚዳንቱ ትልቅ ኃላፊነት አለባቸው አሉ፤ 24 ከመቶው ምንም የለባቸውም አሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ ትልቅ ኃላፊነት አለባቸው ያሉት ወደ 43 ወረዱ፣ ምንም የለባቸውም ያሉት ወደ 32 ወጡ። ልጆቼ፣ እዚህ ላይ እንድትቆሙ እፈልጋለሁ። የተሰበረው መስኮት ያው ነው። ንግግሩ ያው ነው፣ ሰዓቱም ያው ነው። በዓመቱ ውስጥ የተለወጠው የሰዉ ስሜት ብቻ ነበር። ከዚያም በኋላ በ2017 ሰውየው ተመልሰው ሥልጣን በያዙበት ዕለት በዚያ ሁከት ወደ 1,500 ለሚጠጉ ተከሳሾችና ፍርደኞች ይቅርታ አደረጉ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይምሰላችሁ። ያ የእህቴ ልጅ በገና ዋዜማ ሌሊት «ሰውየው ተጠያቂ ናቸው፣ ማስቆም ይችሉ ነበር» ብሎ አጥብቆ ተከራክሮኛል። ዓመት ሳይሞላ፣ በአገራችን አንድ ከተማ እሱ የእኔ ወገን የሚላቸው ወጣቶች ሱቅ አቃጥለው ሰው ገደሉ። የሚወደው መሪ ለቀናት አንዲት ቃል አልተናገረም። ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ ጉዳዩን ሳነሣበት «ኧረ አቦ ጋሼ፣ እሱ እኮ እጁ የለበትም፤ ሕዝቡ ተቆጥቶ ነው» አለኝ። ደነገጥኩ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ውሸታምም አይደለም። ሚዛኑን ያወጣው ስሙን ከሰማ በኋላ ስለነበር ነው።

እኔም በእናንተ ዕድሜ ንጹሕ አልነበርኩም። በ1970 ዓ.ም. ገንደ ቆሬ የምኖር የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት አሰልፈው ሲያወጡን «ቀይ ሽብር ይፋፋም!» ብዬ ከሰልፈኛው ጋር ጮኬያለሁ። ቃሉ ምን እንደሚሠራ የገባኝ የጎረቤታችን ልጅ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ በሌሊት ሲወሰድ ነው። የወሰደው የሰፈሩ አብዮት ጥበቃ፣ የቀበሌው ታጣቂ፣ ነበር። እናቱ በስሙ ጠርተው ለመኑት፤ ልጅ ሳለ እቤታቸው በልቶ አድጓልና። አልሰማቸውም። ልጁም አልተመለሰም። ሲጎትቱት አንድ እግር የሸራ ጫማው ደጃፉ ላይ ወልቆ ቀርቶ ነበር፤ እናቱ ጫማውን አጥበው ከአልጋቸው ሥር አኖሩት። ለዓመታት አይቼዋለሁ።

ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 አብዮት አደባባይ ላይ የአብዮቱ ጠላቶች ደም ምሳሌ አድርገው ቀይ ፈሳሽ የሞላበትን ጠርሙስ ሲሰብሩ ያ አብዮት ጥበቃ እዚህ ድሬዳዋ ነበር። ሊቀ መንበሩ አያውቁትም፣ ትእዛዝም በእጁ አልሰጡትም። ግን ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከውጭ ታሳድራለች። ያን ጎረቤቱን ሲጎትት ማንም እንደማይጠይቀው ያውቅ ነበር፤ ያንን እርግጠኝነት የሰጠው የጠርሙሱ ስብራት ነው።

በታኅሣሥ 1987 የተጀመረው የደርግ ባለ ሥልጣናት ክስ 12 ዓመት ፈጀ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ፍርድ ቤቱ ከግንቦት 1983 ጀምሮ ዚምባብዌ የሚኖሩትን መንግሥቱን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው። መጀመሪያ ዕድሜ ልክ እስራት፣ በይግባኝ ደግሞ በግንቦት 2000 የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው። የጥፋተኝነቱን ውሳኔ በሬዲዮ እንደሰማሁ ለእኚያ እናት ልነግራቸው ሄድኩ። በጸጥታ አዳመጡኝና «እሱስ እሺ። በሬን ያንኳኳውስ?» አሉኝ።

በሩን ያንኳኳው ሰው በዚያን ጊዜ ቀፊራ ገበያ ውስጥ እህል ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅሁት። «ከላይ የታዘዝኩትን ነው» አለኝ፤ ከዚያም ፊቱን አዙሮ ሚዛኑ ላይ እህል መጫኑን ቀጠለ።

«አሳ ግማቱ ከአናቱ» እንላለን፤ እውነት አለው፣ ግን ለዚህ ሰውዬ ጥሩ መደበቂያ ሆኖታል። ከላይ ያሉት ደግሞ «እኛ እዚያ አልነበርንም» ይላሉ። ኃላፊነት እንጀራ አይደለም፤ ለአንዱ ሲቆረስ ለሌላው አይጎድልም። ያዘዘው ሙሉውን፣ የፈጸመው ሙሉውን፣ ማስቆም እየቻለ ዝም ያለውም የራሱን ሙሉ ድርሻ ይሸከማል።

ሕግ ይህን ሁሉ ይይዛል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። የኮንጎው የታጣቂ ቡድን መሪ የነበሩት ዣን ፒየር ቤምባ ወታደሮቻቸው በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ በፈጸሙት ግፍ በ2008 በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው፣ በሰኔ 2010 በይግባኝ በሦስት ለሁለት ድምፅ ነጻ ወጥተዋል። ዳኞቹ የተከፋፈሉት ከሩቅ ያለ አዛዥ ምን ያህል ማድረግ ይጠበቅበታል በሚለው ላይ ጭምር ነው። ከባድ ጥያቄ ነው፤ የተለያዩትን ዳኞች አልወቅስም። በአሜሪካም ትራምፕ በዚያ ሁከት ተከስሰው ጉዳያቸው የላይኛው ምክር ቤት በሆነው ሴኔት ፊት ሲቀርብ፣ 57 ጥፋተኛ ናቸው፣ 43 አይደሉም ብለው ድምፅ ሰጡ፤ ጥፋተኛ ለማለት 67 ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር ነጻ ወጡ። የገዛ ፓርቲያቸው የሴኔት መሪ ሚች ማኮኔል ከሥልጣን የወረደ ፕሬዚዳንት በሴኔት ሊዳኝ አይችልም ብለው ለነጻነታቸው ድምፅ ሰጡ። ወዲያው ግን ለዕለቱ ሁከት በተግባርም በሞራልም ተጠያቂው እርሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። ወንጀለኛ አለመባልና ተጠያቂ አለመሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ዳኛ ይወስናል፤ ሁለተኛውን እናንተ ናችሁ የምትመዝኑት፣ የምትመዝኑትም በስልካችሁ የመጣውን ወሬ ከማስተላለፋችሁ በፊት ነው።

ለእህቴ ልጅ ያደረግሁትን ልንገራችሁና ላብቃ። ከዚያ ቡና በኋላ ባዶ ወረቀት ሰጠሁት። «አንድ መሪ በስሙ ሰው መሞት ሲጀምር በመጀመሪያው ቀን ምን ማድረግ አለበት? የማንንም ስም፣ የማንንም ፓርቲና ብሔር ሳታነሣ ጻፍልኝ» አልኩት። አምስት መስመር ጻፈ። በአደባባይ አቁሙ ማለት፣ የሞቱትን በስማቸው መጥራት፣ የራሱን ሰዎች ለሕግ አሳልፎ መስጠት፣ ወሬውን የሚያራግቡለትን መገሠጽ፣ ካልሆነለት ከሥልጣኑ መውረድ። ቀኑን ጽፎ ፈረመበትና ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ባለፈው ክረምት ሌላ ግጭት ተነሥቶ እየሮጠ መጣ፤ ስልኩ በእጁ ነው፣ የማን ጥፋት እንደሆነ ሊነግረኝ አፉን ከፍቷል። መሳቢያውን ስቤ ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንደገና ከላይ ጀመረው።