የእህትሽ ዕጢ ማደጉ እንዴት ይታወቃል?

ሰላም እህቴ። የ38 ዓመት እህትሽ ከባጃጅ ወድቃ ሲቲ ስካን ስትነሳ 2 ሳንቲ ሜትር ሜኒንጂዮማ ተገኘባት ብለሻል። «ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ እያለ እንዴት በ6 ወር ተመለሱ ይሉናል?» ነው ጥያቄሽ። እኔም እዚሁ ድሬ ሆኜ የእናቴን ተመሳሳይ ዕጢ ለዓመታት እየተከታተልኩ ነው።

ሐኪሙ ችላ አላላችሁም። ሜኒንጂዮማ የሚነሳው ከአንጎል ሽፋን ነው፤ አብዛኛውም ካንሰር አይደለም። ምልክት ሳይኖረው በአጋጣሚ የተገኘው ብዙ ጊዜ ወይ ባለበት ይቆማል፣ ወይ በዓመት 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ቢጨምር ነው። ጭንቅላት መከፈት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። የተለመደው አካሄድ በ6 ወር ኤም አር አይ፣ ከዚያ በየዓመቱ፣ 5 ዓመት ጸጥ ካለ በየ2 ዓመቱ ነው። እናቴ በዕድሜ ገፍተዋል፣ ዕጢውም ካልሲየም ስለያዘ ዝግ ያለ ነው። በወጣት ላይ ፈጠን ሊል ስለሚችል የእህትሽን ቀጠሮ አታሳልፉ።

አጥብቄ የምነግርሽ ግን የሲዲውን ነገር ነው። ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ምስሉን የሚያደምቅ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቷት የተነሳችውን የመጀመሪያ ኤም አር አይ ምስል በሲዲ ተቀበሉ፣ ቀን ጻፉበት፣ ከድሬ ሙቀት አርቃችሁ አስቀምጡ። ከተቻለ ሁሌም አንድ ቦታ ትነሳ። አንድ ጊዜ የእናቴ ውጤት 1 ሚሊ ሜትር ጨምሮ መጣና ቤቱ ሁሉ ታመሰ። ሐኪሙ አሮጌውንና አዲሱን ምስል ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ከፍተው ያንኑ ቦታ ሲለኩት ያው ነበር። ጭንቅላት ትንሽ ዘንበል ካለ ልኬቱ ይለያያል። የባሰው ግን ተቃራኒው ነው። ከአምናው ጋር ብቻ ሲተያይ በየዓመቱ «ለውጥ የለም» እየተባለ ቀስ በቀስ ሊያድግ ይችላል። ከ20 ወደ 22 ሚሊ ሜትር ሲሄድ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በይዘት ግን ሲሶ ያህል ጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ «ከመጀመሪያው ጋር ያስተያዩልን» በሉ። እኛ ሳንጠይቅ የሚደረግ እየመሰለን ዝም እንላለን።

የሚጥል በሽታ ከጀመራት፣ እይታዋ ከቀነሰ፣ አንድ ጎኗ ከደከመ፣ ጠዋት ጠዋት ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣ፣ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ቀን ሂዱ። ጸበሉም ዱዓውም ጎን ለጎን ይሁን።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር አለ። እህትሽ የ3 ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ፣ ዲፖን፣ ትወስዳለች? ይህ ዕጢ ፕሮጄስትሮን ለሚባለው ሆርሞን ስሜት አለው። በ2024 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የወጣ ትልቅ ጥናት መርፌውን ከዓመት በላይ በወሰዱ ሴቶች ላይ ሜኒንጂዮማ በዝቶ አግኝቷል። መርፌውን ለሚወስዱት ሁሉ ይህ ያስፈራል ማለት አይደለም፣ ዕጢው ብርቅ ነው። ዕጢው ላለባት ግን ለሐኪሟ መነገር አለበት። ዝም ብላም አታቋርጥ፣ ሳታስበው ታረግዛለች። ሆርሞን የሌለው ሉፕ ስላለ እሱን ትጠይቅ።