ልጄ አስም አለበት፤ በየቀኑ የሚስበው መድኃኒት ሱስ ያስይዘው ይሆን?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ፒያሳ አካባቢ ነው። የ7 ዓመት ልጄ ባለፈው ክረምት ትንፋሽ አጥሮት ሁለት ሌሊት ድንገተኛ ክፍል አድረናል። ሐኪሙ በአፍ የሚሳብ ሁለት ዓይነት መድኃኒት አዘውለት፣ አንዱን ጠዋትና ማታ ሳያቋርጥ እንዲወስድ ነገሩን። አሁን ሳሉ ከቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አማቴ «ሱስ እያስያዝሽው ነው» ስለሚሉኝ ላቆመው አስቤአለሁ። ስሰጠውም ግማሹ ከአፉ ተመልሶ ይወጣል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ እባክዎን አያቁሙት። የአማትዎ ስጋት ለልጅ ልጃቸው ከመሳሳት የመጣ ነው፤ ሆኖም ሁለቱም መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም። ከሁለቱ አንዱ፣ ትንፋሽ ሲያጥረው የሚወሰደው ሳልቡታሞል፣ የተኮማተረውን የአየር ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ ኃይሉ ግን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ያልቃል። ሕመሙን ከሥሩ የሚይዘው በየቀኑ የሚወሰደው፣ ብዙ ጊዜ ቤክሎሜታዞን የሚባለው ነው፤ እርሱ የቧንቧውን የውስጥ እብጠት በቀናትና በሳምንታት ስለሚቀንስ ልጁ ሲስበው ወዲያው የሚታይ ለውጥ የለውም። የልጅዎ ሳል የቆመው ይኸው መድኃኒት እየሠራ ስለሆነ ነው፤ ቢቋረጥ እብጠቱ ተመልሶ ቀጣዩ ጉንፋን እንደገና ድንገተኛ ክፍል ሊያደርሳችሁ ይችላል። መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው፤ ያውም ሕመሙ ለሦስት ወር ያህል ከተረጋጋ በኋላ። «ለመደው» የሚያሰኘው ሳልቡታሞል ቶሎ ቶሎ መፈለጉ ከሆነ ደግሞ፣ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ካስፈለገው ሕመሙ በቁጥጥር ሥር አለመሆኑን ስለሚያሳይ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ሐኪሙን ያማክሩ።

መድኃኒቱ ከአፉ የሚመለሰው ልጆች ሲጫኑትና ሲስቡት እኩል ማድረግ ስለሚከብዳቸው ነው። ለዚህ የሚረዳው፣ በመድኃኒቱና በልጁ አፍ መካከል የሚገጠመው መሳቢያ ዕቃ (ስፔሰር) ካልተገኘ ወይም ከተወደደ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይተካዋል፤ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ተደርጎ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በአስም ለታመሙ ሕፃናት በደንብ የታሸገ የ500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከፋብሪካው ዕቃ እኩል እንደሚሠራ አሳይቷል። የጠርሙሱን ቂጥ በመድኃኒቱ አፍ ልክ ይብሱና አስገብተው ዙሪያውን አየር እንዳያስወጣ በፕላስተር ያሽጉት። በሳሙና አጥበው ሳይወለውሉ ያድርቁት። መድኃኒቱን ነቅንቀው አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ፤ ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ገጥሞ አምስት ጊዜ ያህል በእርጋታ ይተንፍስበት፤ ሁለት ጊዜ እንዲጫን ከታዘዘ እንዲሁ ይደገማል። ከቤክሎሜታዞኑ በኋላ አፉን ተጉመጥምጦ ይትፋ፤ አለበለዚያ ምላሱ ላይ ነጭ ፈንገስ ሊወጣበት ይችላል።

ቡና ሲፈላ የከሰሉና የእጣኑ ጭስ ልጁ ካለበት ክፍል ይራቅ፤ ለደመራና ለችቦም ከሩቅ ሆኖ ይመልከት።

የጎድን አጥንቶቹ መሐል ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ በመንገድም ላይ ሳልቡታሞሉን በጠርሙሱ መስጠት አያቋርጡ።