11ኛ ፎቅ ሆኜ ታች እሳት ቢነሳ ልቆይ ወይስ ልውረድ?

እህቴ፣ «የምንኖረው 11ኛ ፎቅ ነው፤ ታች እሳት ቢነሳ በሬን ዘግቼ ልጠብቅ ወይስ ልጆቼን ይዤ ልውረድ?» ብለሽ ጠይቀሻል። የሕንፃ እሳት ማስጠንቀቂያ ስጠግን ዓመታት ስለቆጠርኩ የማውቀውን ልንገርሽ። መልሱን የሚወስነው ሕንፃሽ ዛሬ ያለበት ሁኔታ ነው።

«ቤታችሁ ቆዩ» የሚባለው እሳቱ ከተነሳበት ቤት አይወጣም ተብሎ ስለሚታመን ነው። ግድግዳው ኮንክሪት፣ በሩም እሳት የሚቋቋምና ራሱን የሚዘጋ ከሆነ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ በግሬንፌል ታወር ግን 4ኛ ፎቅ ላይ ከፍሪጅ የተነሳው እሳት በመስኮት ወጥቶ የውጭውን ሽፋን ያዘ። ሽፋኑ በአሉሚኒየም መሃል ፖሊኤቲሊን የሚባል ፕላስቲክ ያለበት፣ እንደ ነዳጅ የሚነድ ነበር። ነዋሪዎቹ ግን ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ «ቆዩ» ይባሉ ነበር፤ መውረጃው ደግሞ አንድ ደረጃ ብቻ። 72 ሰው አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ2022 በኒው ዮርክ ብሮንክስ የሆነው ደግሞ የተለየ ነው። እሳቱ ከተነሳበት ቤትና ኮሪደር ብዙም አልራቀም፤ ነገር ግን ራሱን መዝጋት የነበረበት በር ክፍት በመቅረቱ ጭሱ በደረጃው ሽቅብ ወጣ። 17 ሰዎች ሞቱ፤ ስምንቱ ልጆች ነበሩ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ በሥራዬ ከሁሉ በላይ የማየው ጥፋት የበር ነውና። የደረጃው በር በድንጋይ ተደግፎ ክፍት ይውላል፤ «ይጮኻል» ተብሎ በሩን የሚመልሰው ክንድ ይፈታል። አላርሙ በሐሰት ሲጮህ ደግሞ ከማስጠገን ይልቅ ድምፁን ዘግተው ይተዉታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ሆንግ ኮንግ ታይ ፖ ውስጥ ከ150 በላይ ሰው በሞተበት እሳት ብዙ ነዋሪዎች አላርም አልሰሙም።

ስለዚህ እሳቱ ቤትሽ ውስጥ ከሆነ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ፤ በሩን ከኋላሽ ዝጊው፣ ግን አትቆልፊው። ሊፍት በፍጹም አይሆንም። እሳቱ ሌላ ቤት ከሆነና በሮቹን ወይም የውጭውን ሽፋን የማታምኚ ከሆነ ደረጃው ገና ጭስ ሳይገባበት በጊዜ ውረጂ። ኮሪደሩ በጭስ ተሞልቶ ካገኘሽው ተመለሺ፤ በሩን ዘግተሽ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ጠቅጥቂ፣ መስኮት ያለው ክፍል ግቢና ለእሳት አደጋ ደውለሽ ፎቅሽንና የቤት ቁጥርሽን ንገሪ። ወደ ጣሪያ አትውጪ፤ ጭሱም የሚሄደው ወደዚያው ነው፣ በሩም ብዙ ጊዜ ተቆልፏል። እየጠበቅሽ ሳለ የውጭው ግድግዳ ሲነድ ካየሽ ግን በስልክ የሚያወራሽን የእሳት አደጋ ሠራተኛ ለመውጣት እየሞከርሽ መሆኑን ነግረሽ መንገድ ፈልጊ።

ዛሬውኑ የደረጃውን በር ከፍተሽ ልቀቂው፤ ራሱ እስከ መጨረሻው ካልገጠመ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አመልክቺ። የውጭው ሽፋን ከምን እንደተሠራም በዚያው ደብዳቤ ጠይቂ። «ችግር የለውም» የሚል የቃል መልስ አትቀበዪ፤ የምርቱን ስምና የእሳት ፍተሻ ወረቀቱን ያሳዩሽ።